ቫራናሲን በእግር፦ የሂንዱዎችን የተሳላሚ ከተማ ለባህሏና ለቅርሷ መጎብኘት ለሚያስቡ

ቫራናሲ በሰሜን ሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት፣ በጋንጅስ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ፣ ሂንዱዎች ከሁሉም አብልጠው የሚያከብሯት የተሳላሚዎች ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ባናራስ፣ ለመሳለም የሚመጡት ደግሞ ካሺ ይሏታል፤ ሦስቱ ስሞች በቲኬት፣ በመንገድ ሰሌዳና በሰው አንደበት እየተፈራረቁ ስለሚመጡ አንድ ቦታ መሆናቸውን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። እኔ የሄድኩት ለአምልኮ ሳይሆን ባህሏንና ቅርሷን ለማየት ነው፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን እንደመሆኔም ሌሎች ቅዱስ የሚሉትን ስፍራ ሳላቃልል፣ የራሴንም ሳልለቅ እንዴት እንደምጎበኝ ከመነሻው ሳስብበት ነበር። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የቫራናሲ ቅርስ ዋናው ክፍል ያለው ሁሉም ተሰልፎ በሚገባበት በታላቁ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሳይሆን በወንዙ ደረጃዎች፣ በጠባቦቹ መተላለፊያዎችና በሸማኔዎቹ ሰፈር ነው፤ ጊዜያችሁንም ይህንን እያሰባችሁ ብታከፋፍሉት ትጠቀማላችሁ።

ለጉዞው የተሻሉት ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ክረምት ደግሞ ወንዙን ሞልቶ የታችኞቹን ደረጃዎች ስለሚያሰጥማቸው በዳርቻው መራመድ አይቻልም፣ ጀልባም ይታገዳል። በታኅሣሥና በጥር ጧት ጧት ወፍራም ጉም ስለሚወርድ ባቡርና አውሮፕላን ይዘገያሉ፤ ስለዚህ ከቫራናሲ የምትወጡበትን ቀን ወደ አገር ቤት ከምትበሩበት ቀን ጋር አታጣብቁት። ከዲዋሊ በዓል 15 ቀን ያህል በኋላ፣ በካርቲክ ወር ሙሉ ጨረቃ የሚከበረው ዴቭ ዲፓዋሊ ደረጃዎቹን ሁሉ በሸክላ ኩራዝ የሚሞላ ታላቅ በዓል ነው፤ ሕዝቡ የማይቻል ብዛት ስላለውና የመኝታ ዋጋም ስለሚንር ግርግር የማይወድ ሰው ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል።

ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው በኢትዮጵያ አየር መንገድ እስከ ዴልሂ ወይም እስከ ሙምባይ በቀጥታ ይበርራል። ከዴልሂ ወደ ቫራናሲ በአውሮፕላን መቀጠል ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በዚሁ መስመር ሥራ የጀመረው ቫንዴ ባራት የተባለው ፈጣን ባቡርም በ8 ሰዓት ገደማ ያደርሳል። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ሕንድ ከመግባት ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ የተወሰደ መሆን አለበት፤ ካርዱን ያልያዘ ሰው በለይቶ ማቆያ ሊቆይ ይችላልና ከፓስፖርቱ ጋር አያይዛችሁ ያዙት። በከተማዋ ዙሪያ ስማቸው የሚቀራረብ የባቡር ጣቢያዎች አሉ፤ ዋናው ቫራናሲ ጃንክሽን ሲሆን ባናራስ የሚባለው ሌላ ጣቢያ ነው፤ ቀድሞ ሙጋልሳራይ ይባል የነበረው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ይገኛል። ቲኬት ስትቆርጡ የጣቢያውን ስም በጥንቃቄ አንብቡ።

ስለ ማረፊያ አንድ ነገር ልጨምር። የሕንድ ሆቴሎች የውጭ ዜጋ ሲያሳድሩ ፓስፖርቱንና ቪዛውን ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ ስላለባቸው ይህን ማድረግ የማይችሉ ትንንሽ ማረፊያዎች እንግዳውን በር ላይ ይመልሱታል፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የውጭ ዜጋ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። በአሮጌው ከተማ ውስጥ ያሉት ቤቶች ለወንዙ ቅርብ ናቸው፤ ሆኖም መተላለፊያዎቹ፣ ማለትም ጋሊ የሚባሉት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለማሳለፍ የሚቸገሩ ናቸው። መኪናም ባጃጅም ጎዶውሊያ በሚባለው መስቀለኛ መንገድ አካባቢ አውርዷችሁ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሻንጣችሁን ተሸክማችሁ ከላም፣ ከሞተር ሳይክልና አስከሬን ከተሸከመ ሰልፍ ጋር እየተጋፋችሁ መሄድ ነው። ጸጥታና ሰፋ ያለ መንገድ ለሚፈልግ በስተ ደቡብ ያለው የአሲ ሰፈር ይመቻል። እኔ ብጠየቅ አሲን እመርጣለሁ።

ጋት የሚባሉት ከከተማዋ ወደ ወንዙ የሚወርዱ የድንጋይ ደረጃዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው በተለምዶ 84 ነው ይባላል፤ ከአሲ ተነሥቶ በስተ ሰሜን እስካለው ራጅ ጋት ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋሉ። ጋንጅስ በጠቅላላው ወደ ምሥራቅ የሚፈስስ ወንዝ ቢሆንም እዚህ ቦታ ላይ ታጥፎ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ከተማዋም በምዕራብ ዳርቻው ላይ ብቻ ስለተሠራች ደረጃዎቹ በሙሉ ፊታቸው ወደ ፀሐይ መውጫ ነው፤ ማዶ ያለው ዳርቻ ደግሞ ባዶ አሸዋ ነው። ሰዉ ሁሉ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው የሚወርደውም ለዚህ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከነሳሪያቸው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ በትንሽ የመዳብ ዕቃ ውሃ ቀድተው፣ ፀሐይዋ ብቅ ስትል በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው በቀጭኑ ሲያፈስሱት አይቻለሁ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። ከአጠገባቸው አንድ ወጣት ጥርሱን ይፍቃል፤ ሌላው በሳሙና ይታጠባል፤ ከበስተኋላ ፀጉር አስተካካይ የአንድ ሐዘንተኛ ራስ ይላጫል። አምልኮውና የዕለት ኑሮው የሚለያዩበት መስመር የለም።

በእግር ስትሄዱ የምታዩት ነገር ብዙ ስለሆነ ሳትቸኩሉ ሂዱ። ከአሲ ቀጥሎ ቱልሲ ጋት አለ፤ የሂንዱዎች አምላክ የሆነውን የራማን ታሪክ በሕዝቡ ቋንቋ ራምቻሪትማናስ በሚለው ሥራው የጻፈው ባለቅኔ ቱልሲዳስ የኖረበት ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ከፍ ብሎ የሚታየው የቼት ሲንግ ምሽግ እ.ኤ.አ. በ1781 የአካባቢው ራጃ ከእንግሊዙ ገዥ ከዋረን ሄስቲንግስ ጋር ተጋጭቶ በወንዙ በኩል ያመለጠበት ነው። ነጭና ቀይ ሸንተረር የተቀባው ኬዳር ጋት ከደቡብ ሕንድ የሚመጡ ተሳላሚዎች የሚበዙበት ሲሆን፣ በማን ማንዲር ጋት ያለውን የራጃ ማን ሲንግ ቤተ መንግሥት የወጣ ሰው ደግሞ ጣራው ላይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጃይፑር ገዥ ጃይ ሲንግ ያሠራቸውን ከድንጋይና ከኖራ የታነጹ የከዋክብት መለኪያዎች ያገኛል። ብዙ ጎብኚ ይህን ጣራ ሳያይ ያልፋል፤ እናንተ ግን ውጡ። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲቀጠል በላሊታ ጋት በኔፓላውያን የተሠራው ባለ ቅርጻ ቅርጽ የእንጨት መቅደስ፣ ከሲንዲያ ጋት አጠገብም ግማሽ አካሉ በደለል ተውጦ ያዘነበለው የራትኔሽዋር መቅደስ ይገኛል። ፓንቻጋንጋ ጋት ላይ ከደረጃዎቹ በላይ የቆመው በሞጉሉ ንጉሥ በአውራንግዜብ ዘመን የተሠራ መስጊድ ነው። በትውፊቱ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ካቢር በእስላም ሸማኔ ቤተሰብ ያደገ ነበርና፣ መምህሩ ራማናንዳ ደቀ መዝሙር እንዲያደርገው ሽቶ በጨለማ በዚሁ ደረጃ ላይ ተኛ፤ ሊታጠብ የሚወርደው መምህር ሲረግጠው ደንግጦ የራማን ስም በመጥራት «ራም፣ ራም» አለ፤ ካቢርም ያንን ቃል እንደ ትምህርት ተቀበለው ይባላል።

ጀልባ የምትይዙ ከሆነ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት በግልጽ ተስማሙ፤ ዋጋው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለጀልባው፣ ለስንት ሰዓት ነው፣ ከየት እስከ የት ነው የሚለውን አስረግጣችሁ ጠይቁና ክፍያውን ስትወርዱ ስጡ። በሞተር ከሚሄደው ይልቅ በመቅዘፊያ የሚሄደውን ምረጡ። ሞተሩ ዝማሬውንም ደወሉንም ይውጠዋል።

አስከሬን ስለሚቃጠልባቸው ሁለት ጋቶች ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ስለ እነርሱ ነው፣ ነውርም የሚሠራው እዚያ ነው። ሂንዱዎች በካሺ የሞተ ሰው ዳግም ከመወለድ ዑደት ነጻ ይወጣል ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህ ሕይወታቸውን እዚህ ለመፈጸም የሚመጡ አረጋውያን አሉ፤ የሌላ ከተማ ሰዎችም የሟቾቻቸውን አስከሬን ያመጣሉ። የትልቁ የማኒካርኒካ እሳት ሌሊትና ቀን አይጠፋም፤ ትንሹ ሃሪሽቻንድራ የኤሌክትሪክ ማቃጠያም አለው። ሥራውን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የያዙት ዶም የሚባሉት ሰዎች ናቸው፤ ለዘመናት ተንቀው የኖሩ ቢሆኑም እሳቱ የሚገኘው ከእነርሱ ብቻ ነው። አስከሬኑ በቀርከሃ ቃሬዛ ላይ በሚያብረቀርቅ ጨርቅና በአበባ ተሸፍኖ፣ ተሸካሚዎቹ የራም ስም እውነት መሆኑን በአንድ ድምፅ እየጮኹ ያመጡትና በወንዙ ውሃ ይነክሩታል። ማገዶው በትልቅ ሚዛን ተመዝኖ ይሸጣል፤ ሰንደል የሚገዛው አቅም ያለው ነው። ራሱን የተላጨውና ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ የለበሰው የበኩር ልጅ ክምሩን ዞሮ እሳቱን ይለኩሳል፤ ሦስት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላም በሸክላ ማሰሮ የያዘውን ውሃ በትከሻው ላይ አሻግሮ ወደ ኋላው ይጥልና ዘወር ብሎ ሳያይ ይሄዳል። በባህሉ ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ አይመጡም፤ ለቅሶ የሟቹን ነፍስ ያውካል ስለሚባልም ማንም ድምፅ አያሰማም። ደረት መምታትና ሙሾ ለለመድን ሰዎች የሚከብደው ይኸው ዝምታ ነው።

እዚያ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ከጀልባ ላይም ቢሆን ስልካችሁን ኪስ ክተቱት። ጥሩ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ከጎናችሁ ቆሞ ሥርዓቱን ማስረዳት ከጀመረ በኋላ ሞት ለሚጠባበቁ ድሆች ማገዶ መግዣ እንድትሰጡ፣ ወይም ከፍላችሁ ፎቶ እንድታነሡ ሊጋብዛችሁ ይችላል። ይህ የታወቀ ማታለያ ነው፤ በትሕትና «አይ፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ራቅ በሉ። ከከፍታ ላይ፣ ከሐዘንተኞቹ ርቃችሁ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቆሙ።

ምሽት ላይ በዳሻሽዋሜድ ጋት የሚደረገው የጋንጋ አርቲ ሥርዓት ብዙ ሺህ ሰው ይሰበስባል። ተመሳሳይ ልብስ የለበሱ ወጣት ካህናት በየመድረካቸው ቆመው ዛጎል ይነፋሉ፣ ዕጣን ያጤሳሉ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለውን የናስ መቅረዝ ከነእሳቱ እኩል ያዞራሉ። ቦታ ለማግኘት ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። የተዋበ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በድምፅ ማጉያውና በስልክ ብርሃኑ ምክንያት ትርዒት ይመስላል። ጎሕ ሲቀድ በአሲ ጋት የሚደረገው ሱባ-ኤ-ባናራስ ያንኑ መቅረዝ በትንሽ ሕዝብ ፊት ያዞራል፤ ከዚያም ሙዚቀኞች ተቀምጠው ራጋ የተባለውን የማለዳ ዜማ ይጫወታሉ። ከተማዋ በሙዚቃ ረገድ ታላቅ ስም አላት፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 የሙዚቃ የፈጠራ ከተማ ብሎ መዝግቧታል። ሲታር የተባለው የክር መሣሪያ ጌታ የሆነው ራቪ ሻንካር የተወለደው እዚህ ነው። ሸህናይ የተባለውን ጥሩምባ መሰል መሣሪያ ከሠርግ ዳስ ወደ ትልልቅ መድረኮች ያወጣው ኡስታድ ቢስሚላ ካን እስላም ሆኖ በወንዙ ዳር ባለ የሂንዱ መቅደስ ውስጥ ይለማመድ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የአገሪቱን ከፍተኛ ሽልማት የተቀበለ፣ በ2006 በዚችው ከተማ ያረፈ ሰው ነው።

ሺቫ የተባለው የሂንዱ አምላክ መኖሪያ የሚባለው ታላቁ ቤተ መቅደስ ካሺ ቪሽዋናት ከ12ቱ ጂዮቲርሊንጋዎች፣ ማለትም ከሺቫ ዋና ዋና መቅደሶች፣ አንዱ ሲሆን ዛሬ የቆመው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1780 የኢንዶር ንግሥት አሂልያባይ ሆልካር ያሠራችው ነው፤ የጉልላቱን ወርቅ የሰጠው የፑንጃቡ ንጉሥ ራንጂት ሲንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ታኅሣሥ ወር የተመረቀው ሰፊ አደባባይ መቅደሱን ከወንዙ ጋር ለማገናኘት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ከፈረሱ በኋላ የተሠራ ነው፤ ለተሳላሚው እንደሚመች ይታየኛል፣ ግን የጥንቱ ጠባብ ሰፈር በመጥፋቱ አዝኛለሁ። ስልክ፣ ካሜራና ቦርሳ አይገባም፤ ለውጭ ዜጋ ፓስፖርት ያስፈልጋል። በአካባቢው ያሉ ሱቆች ዕቃችሁን በነጻ እንጠብቃለን ብለው በምትኩ የመባ ሳህን በውድ ይሸጣሉና ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ዕቃውን ማረፊያ ቤት ትቶ መሄድ ነው። አጠገቡ ያለው የጊያንቫፒ መስጊድ በሁለቱ እምነቶች ተከታዮች መካከል በፍርድ ቤት የተያዘ ክርክር ያለበት ስለሆነ ጥበቃው ጥብቅ ነው፤ በዚያ ጉዳይ ላይ ከማንም ጋር ወሬ አታንሡ። ካህን ግንባራችሁን ቀለም ሊቀባ ሲመጣ የማትፈልጉ ከሆነ ሁለት እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጋጥማችሁ ዝቅ በሉ፤ እኔ እንዲህ ሳደርግ ማንም አልተቀየመኝም። ሰልፉን የማይችል ሰው በባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን፣ ለሁሉም ክፍት የሆነውንና ሰፊ የሆነውን አዲሱን የቪሽዋናት መቅደስ አይቶ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ያለውን ባራት ካላ ባቫን የተባለ ሙዚየም ቢጎበኝ ብዙ ያተርፋል።

የባናራስ ሐር የሚሸመነው እንደ ማዳንፑራ ባሉ ሰፈሮች ሲሆን ሸማኔዎቹ በአብዛኛው አንሳሪ የሚባሉ እስላሞች ናቸው፤ የሂንዱ ሙሽራ የምትዳርበትን ሳሪ የሚሠራላት የእስላም እጅ ነው። የገባሁበት ቤት ጨለማ ነበር፤ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ከማዶ ወዲህ መወርወሪያውን ሲሰድድ የሽሮ ሜዳን ሸማኔዎች አስታወሰኝ። ልዩነቱ ከራሱ በላይ ነበር። በሰንሰለት የተያያዙ ቀዳዳ ያላቸው ካርቶኖች በየርግጫው አንድ አንድ እየዞሩ የትኛው ድር እንደሚነሣ ይወስናሉ፤ ዛሪ የሚባለው ወርቃማ ክር ጥለቱን የሚሞላው በዚህ ሥርዓት ነው። አንድ ሳሪ እንደ ጥለቱ ከሳምንታት እስከ ወራት ይፈጃል። በመኪና የተሠራና ከሌላ ከተማ የመጣ ርካሽ ጨርቅ በባናራስ ስም ስለሚሸጥ ስትገዙ ጨርቁን ገልብጡ፤ በእጅ የተሠራው በስተጀርባው የተንጠለጠሉ ክሮች አሉት፣ በጠርዙም ጨርቁን ወጥሮ ከሚይዘው መርፌ የቀሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። የባጃጅ ሹፌር ወደ «መንግሥት ሱቅ» ልውሰዳችሁ ካለ ኮሚሽን የሚከፈለው ስለሆነ ነው።

ግማሽ ቀን ለሳርናት ስጡ። ከከተማዋ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ቡድሃ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሰጠባት ስፍራ ናት፤ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ዳሜክ ስቱፓ የተባለ ክብ የቡድሂስቶች መታሰቢያ ግንብ የቲቤት፣ የስሪላንካና የጃፓን ተሳላሚዎች ይዞሩታል። ሙዚየሙ ዓርብ ዝግ ነው። ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ያቆመው ዓምድ ራስ፣ ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡት አራት አንበሶች፣ እዚያ አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የሕንድ ሪፐብሊክ ዓርማ የሆነው ይህ ቅርጽ በኪሳችሁ ባለው የሩፒ ኖት ላይም አለ። የጡንቻቸውንና የጥፍራቸውን አጠራረብ፣ የድንጋዩንም ልስላሴ በቅርብ እዩት።

የምግብ ነገር ለእኛ ለጿሚዎች ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ የተሻለው የጉብኝት ወቅት ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማልና። በመቅደሶቹ ዙሪያ ሥጋና እንቁላል ስለማይሸጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቅቤ፣ ወተትና እርጎ የማይገባበት ነገር ጥቂት ነው። ምስር ወጡ በመጨረሻ በቅቤ ይቁላላል፤ ካቾሪ የሚባለው የጧቱ ጥብስ ቂጣም በቅቤ ሊጠበስ ይችላል። «ቢና ጊ፣ ቢና ዱድ» ማለት ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት ማለት ነው፤ ፓኒር አይብ፣ ዳሂ ደግሞ እርጎ ነው። በከሰል የሚጠበሰው ሊቲ የተባለ የሊጥ ድቡልቡል በደቀቀ ሽንብራ ተሞልቶ ከተጠበሰ ደበርጃን ጋር የሚቀርብ ነውና ቅቤ ውስጥ እንዳይነክሩት ካስጠነቀቃችሁ የሚያጠግብ የጾም ምግብ ነው። ጾም ላይ ያልሆነ ሰው በሸክላ ኩባያ የሚቀርበውን ላሲ የተባለ የእርጎ መጠጥ፣ በብርዱ ወራት ብቻ የሚገኘውንም አረፋ የመሰለ የወተት ጣፋጭ ማላዮ ይቅመስ። ውሃ የታሸገ ብቻ ጠጡ። ታንዳይ የተባለውን የወተት መጠጥና ላሲ የሚሸጡ አንዳንድ ሱቆች ባንግ የሚባለውን ከካናቢስ ቅጠል የሚዘጋጅ ነገር ይጨምራሉ፤ እዚያ በፈቃድ የሚሸጥ ቢሆንም ያልለመደውን ሰው ለረጅም ሰዓት ያደነዝዛልና ሳትጠይቁ አትጠጡ። ከምግብ በኋላ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣውን ፓን መሞከር ከፈለጋችሁም ትንባሆ የሌለበትን፣ ሚታ ፓን የሚባለውን ጣፋጩን ዓይነት እዘዙ።